ባዶው አዳራሽ የማን ነው? ብቸኝነትና እኔነት በዘመናችን የኢራን ሥነ ጥበብ



 የምመረምረው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። በዘመናችን የኢራን ቅርጻ ቅርጽ፣ ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮና ፊልም ውስጥ ብቻውን የሚታየው ሰው ምን ይነግረናል? የሥነ ጥበብ ታሪክ ሳስተምር፣ ከኢራን የመጣ ምስል በቀረበ ቁጥር ሁለት መልሶች ተሽቀዳድመው ሲመጡ አያለሁ። ገሚሱ ተማሪ «ይህች የተጨቆነች ሴት ናት» ይላል፤ ገሚሱ «ይህ የሱፊዎች ምሥጢር ነው» ይላል። ሁለቱም መልሶች ምስሉ ከመታየቱ በፊት የተዘጋጁ ናቸው፤ ሁለቱም በምስሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሳያነጋግሩት ያልፋሉ።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ብቸኛው ሰው ከጎኑ አንድ ክፍት ስፍራ ትቶ ይጠብቃል። ያ ስፍራ የተመልካቹ ነው። የሰውዬው እኔነት የሚጸናው ከሌሎች በመለየቱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ስፍራ ማን እንደሚቆምና እንዴት እንደሚመለከተውም ይወሰናል። ይህ ከሆነ ስለ እነርሱ ብቸኝነት ስንናገር እኛም የምንጠየቅበት ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ሁለት ማሳሰቢያ ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። የአገሪቱ መንግሥት የውጭ አገሮች «ኢራን» ብለው እንዲጠሯት የጠየቀው በ1935 ነው፤ እኔም አገሪቱን ኢራን፣ ቋንቋውንና በቋንቋው ዙሪያ የኖረውን የቆየ የጥበብ ቅርስ ግን ፋርስ እያልሁ እጠራለሁ።

ሁለት ቃላት

በፋርስኛ ብቸኛ ሰው «ታንሃ» ይባላል። ቃሉ «ታን» ከሚለው ሥር የወጣ ሲሆን ትርጉሙም አካል፣ ሰውነት ማለት ነው። ታንሃ የሆነ ሰው እንግዲህ ከገዛ ሰውነቱ በቀር ሌላ ያልቀረለት ሰው ነው። ከዐረብኛ የተወረሰ ሁለተኛ ቃል ደግሞ አለ፤ «ኸልቫት»። ኸልቫት ሰው ወዶና ፈቅዶ የሚገባበት ገለልተኛ ስፍራ ነው፤ ለጸሎት፣ ለምርምር፣ ወይም ከወዳጅ ጋር ለመጫወት። ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በወሎ ሸኾቹ ኸልዋ ገቡ ሲባል የምንሰማው ያው ቃል ነው።

አማርኛም ልዩነቱን ያውቀዋል። ብቸኝነት አንድ ነገር ነው፤ ብሕትውና ሌላ። ባሕታዊው በበረሃ ብቻውን ይኖራል፤ ነገር ግን «ምስኪን፣ ብቸኛ ሆነ» ብሎ የሚያዝንለት የለም። ብቻውን የመሆኑ በር በእርሱ እጅ ነውና። በቆየው የኢራን ቤት አሠራርም ይኸው ሐሳብ በግንብ ተገልጿል። «ቢሩኒ» የተባለው ክፍል እንግዳ የሚቀበሉበት የውጭው ወገን ነው፤ «አንዳሩኒ» ደግሞ ቤተ ሰብ የሚኖርበት የውስጡ ወገን ነው። በሁለቱ መካከል ደፍ አለ። ጥያቄው ሁልጊዜ የደፉ ነው፤ ማን ይዘጋዋል? ማን ይከፍተዋል? በአንድ ምስል ውስጥ ታንሃ የሆነውንና ኸልቫት የገባውን ለመለየት ከፈለግን ይህን መጠየቅ አለብን።

የቆየው ውርስ

የጥንቱ የፋርስ የመጽሐፍ ሥዕል የግለሰብን መልክ ለመያዝ እምብዛም አይጨነቅም። ፊቶቹ እንደ ጨረቃ ክብ፣ ዓይኖቹ ጠበብ ያሉ፣ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ናቸው። ንጉሡን ከአገልጋዩ የሚለየው ልብሱና የተቀመጠበት ስፍራ ነው። ሆኖም ከሁሉ የሚደነቀው ሥዕል ስለ ብቻ መሆን የተሣለ ነው። በሄራት ይሠራ የነበረው ታላቁ ሠዓሊ ካማል አል-ዲን ቤህዛድ በ1488 ዮሴፍንና ዙለይኻን ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬ በካይሮ ይገኛል። ዙለይኻ እኛ የጲጥፋራ ሚስት የምንላት ናት። ዮሴፍን በብዙ ክፍሎች ባሉት ቤተ መንግሥት ውስጥ አስገብታ በሮቹን ሁሉ ዘግታለች። በሥዕሉ ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ አገልጋይም ዘበኛም አይታይም። በር በበር ላይ፣ ደረጃ በደረጃ ላይ ተደራርቧል። ዙለይኻ ማንም እንደማያያት ታስባለች፤ ዮሴፍ ግን የሚያይ አምላክ እንዳለ ያውቃልና ይሸሻል። የታሪኩ ጭብጥ ይህ ነው፤ በተዘጋ ቤትም ውስጥ ምስክር አለ። ሥዕሉን የምናይ እኛም ግድግዳዎቹን አልፈን እናያለን።

ከዚያ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኢስፋሃን ሬዛ አባሲ ከታሪክ ተነጥለው ለብቻቸው የተቀመጡ ሰዎችን በአልበም ገጾች ላይ መሣል አዘወተረ። አንድ ወጣት፣ አንድ ደርቪሽ፣ አንዲት ሴት ገጹን ለብቻቸው ይይዙ ጀመር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ካማል ኦል-ሞልክ «የመስተዋት አዳራሽ» የተባለውን ታላቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ሠራ፤ ሥዕሉ በቴህራን በጎለስታን ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከ1848 እስከ 1896 የነገሡት ናስር አል-ዲን ሻህ በዚያ ግዙፍ አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የመብራቱ ዘለላ ሁሉ ያብረቀርቃል፤ የነገሥታት ንጉሥ የተባሉት ሰው ግን በመካከሉ አንድ ትንሽ ሰው ሆነው ይታያሉ። እኚህ ንጉሥ ራሳቸው ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ የገዛ ምስላቸውንም እያነሡ ይመለከቱ ነበር። የዘመናችን አርቲስቶች የወረሱት ጥያቄ እዚህ ላይ ተወልዷል ብል ማጋነን አይሆንም። ሰው ራሱን ለማየት ሲሻ የሚያገኘው ምንድን ነው?

ምንም የሚባለው አካል

ፓርቪዝ ታናቮሊ በ1937 የተወለዱ ቀራጺ ናቸው። ከ1965 ጀምሮ አንዲት ቃል ሲቀርጹ ኖረዋል፤ «ሂች» የምትል፣ «ምንም» ማለት የሆነች ቃል። በፋርስኛ በሦስት ፊደላት ትጻፋለች። ታናቮሊ ፊደላቱን በናስታዕሊቅ የአጻጻፍ ስልት አቀጣጥለው በነሐስና በሌሎች ቁሳቁሶች ያቆሟቸዋል። የመጀመሪያዋ ፊደል ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ስላሏት እንደ ሁለት ዓይኖች ትመስላለች፤ የተቀረው አካል እንደ አንገትና ወገብ ይጠማዘዛል። እናም «ምንም» ዓይን ያለው፣ የሚቀመጥ፣ የሚያዘነብል ፍጡር ይሆናል። አንዱ ሂች ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በ2005 የተሠራውና በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ሌላው በሽቦ ጎጆ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ይመለከታል።

እዚህ ላይ የሱፊዎቹ ትምህርት ይታሰባል፤ ሰው «እኔ» ማለቱን ሲተው ወደ እውነት ይቀርባል የሚለው። ግን በዚያ ብቻ ብናቆም ሥራውን እናጎድለዋለን። ታናቮሊ ራሳቸው ሂችን የተስፋ መቁረጥ ምልክት አድርገው እንደማያዩት፣ ተስፋና ወዳጅነት እንደሚያዩበት ገልጸዋል። አስተውሉ፤ በጎጆ ውስጥ ያለው «ምንም» አካል ባይኖረው ኖሮ ጎጆ ባላስፈለገው ነበር። ማሰር የተቻለው ያለ ነገር ስለሆነ ነው። ከዚህ ይልቅ አጭር የእኔነት መከራከሪያ አላውቅም።

የተሰበረ መስተዋት

ሞኒር ሻህሩዲ ፋርማንፋርማያን ከመስተዋት ቁራጭ ጂኦሜትሪያዊ ጥበብ የሠሩ አርቲስት ናቸው። ወጣትነታቸውን በኒው ዮርክ አሳልፈው ወደ ኢራን ተመለሱ። በሺራዝ የሚገኘውን የሻህ ቼራግ መካነ መቃብር ጎብኝተው ውስጡ በመስተዋት ፍንካች የተሸፈነውን ጣሪያና ግድግዳ ሲያዩ የሥራቸው አቅጣጫ ተለወጠ። ይህ የእጅ ጥበብ በኢራን ለዘመናት የኖረ ነው፤ ከአውሮፓ በመርከብና በቅፍለት የሚመጣው መስተዋት በመንገድ ሲሰበር ባለ እጆች ፍንካቹን መጣል ትተው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጀመሩ ይባላል። ፋርማንፋርማያን ከባህላዊ ባለ እጆች ጋር እየሠሩ መስተዋቱን በሦስት ማዕዘን፣ በስድስት ማዕዘን፣ በብዙ ማዕዘን ቆርጠው በኖራ ላይ አሰፈሩት።

በ1979 አብዮቱ ሲፈነዳ በውጭ አገር ነበሩ። ንብረታቸውና የሰበሰቡት ቅርስ ተወረሰ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው የኖሩት ከ2004 ወዲህ ነው። በ2015 የኒው ዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ሥራዎቻቸውን በሰፊው አሳየ፤ በ2017 በስማቸው የተሰየመ ሙዚየም በቴህራን ተከፈተ፤ በ2019 ዐረፉ።

ከእነዚህ ሥራዎች ፊት የቆመ ሰው ፊቱን ፈልጎ አያገኘውም። አንድ ዓይን እዚህ፣ የጉንጭ ጫፍ እዚያ፣ የጎረቤቱ ልብስ ቀለም በመካከል ይታያል። አንድ እርምጃ ቢራመድ ሁሉም ይለወጣል። ስለ ፋሪድ አል-ዲን አታር የወፎቹ ጉባኤ የሰማችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ወፎቹ ሲሞርግ የተባለውን ንጉሣቸውን ፍለጋ ተጉዘው በመጨረሻ የቀሩት ሠላሳው የሚያዩት ራሳቸውን ነው። «ሲ ሞርግ» በፋርስኛ ሠላሳ ወፍ ማለት ነውና። በዚያ ታሪክ እኔነት የሚገኘው ብዙዎች በአንድ መስተዋት ሲታዩ ነው። በፋርማንፋርማያን ሥራ ግን አንዱ በብዙ መስተዋት ይበተናል። ከአገር ተነቅሎ ለኖረ ሰው ይህ ጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ሙሉ ፊት የሚያሳይ አንድ መስተዋት ላልቀረለት ሰው ፍንካቹን በሥርዓት መደርደር ራሱን የመሰብሰቢያ መንገድ ነው።

ከውጭ የተዘጋ በር

እስካሁን ያየናቸው ሥራዎች ወደ ኸልቫት ያደሉ ናቸው። አሁን በሩ ከውጭ ወደ ተዘጋባቸው እንሂድ።

በ1974 በቴህራን የተወለዱት ሻዲ ጋዲሪያን «እንደ ዕለቱ ሁሉ» ማለት የሚቻል ርእስ የሰጧቸውን ፎቶግራፎች በ2000 እና በ2001 ሠሩ። አበባማ ጥለት ያለው ቻዶር የለበሰ አካል ከወገብ በላይ ይታያል፤ ፊት መሆን በሚገባው ስፍራ ግን የቤት ዕቃ አለ። አንዱ ላይ ካውያ፣ ሌላው ላይ መጥረጊያ፣ ሌላው ላይ የላስቲክ ጓንት። የምስሉ አቀማመጥ የጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ ሰውን በፊቱ ለይተን የምናውቅበት ስልት። ጨርቁ በየምስሉ ይለያያል፤ ዕቃውም ይለያያል፤ ሴቲቱ ግን የለችም። ተመልካች መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ሳቁ ያሳፍረዋል። በዚህ ሥራ ላይ የሚዘገየው እውነት ቻዶር የኢራን ቢሆንም መጥረጊያው የሁላችን መሆኑ ነው።

በ1957 የተወለዱትና ኑሯቸውን በአሜሪካ ያደረጉት ሺሪን ነሻት በ1998 «ሁከት» የተባለውን የቪዲዮ ሥራ አቀረቡ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መጋረጃዎች ፊት ለፊት ይሰቀላሉ፤ ተመልካች በመካከል ይቆማል። በአንደኛው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ዘፋኝ ወንዶች በሞሉት አዳራሽ የሩሚን ግጥም ያዜማል። የሚሰማው ድምፅ የታወቀው የሻህራም ናዜሪ ነው። ሲጨርስ ይጨበጨብለታል። በሁለተኛው መጋረጃ ጥቁር የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ባዶ አዳራሽ ፊት ቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ሶሳን ዴይሂም ቃል በሌለው ድምፅ ማዜም ትጀምራለች፤ ድምፁ ያንጎራጉራል፣ ይቃትታል፣ ይጮኻል፤ ካሜራውም ይዞራታል። ከፊት ለፊቷ ያለው ወንድ በመገረም ያያታል። ከ1979 አብዮት ወዲህ በኢራን ሴት ለብቻዋ ሆና ወንዶች ባሉበት ጉባኤ እንዳትዘፍን ተከልክሏል። ባዶው አዳራሽ የዚያ ክልከላ ምስል ነው።

ነገር ግን ወንዱ የሚዘፍነው የወረሰውን ግጥም፣ የወረሰውን ዜማ ነው። ሴቲቱ ቃል ስለ ተነፈገች ከቃል በፊት ወደ ነበረው ድምፅ ትወርዳለች። ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ፈተና ይገጥመኛል፤ «እንግዲያው ክልከላው ለጥበብ ጠቀመ» ለማለት። ይህ አደገኛ ድምዳሜ ነው። እስረኛ በእስር ቤት መጽሐፍ ቢጽፍ እስር ቤቱን አናመሰግንም። ነሻት ባዶ ወንበሮቹን ከካሜራው ውጭ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ እንድናያቸው አደረጉ። ወንበሮቹ ሰው ሊቀመጥባቸው የተሠሩ ናቸው። በሁለቱ መጋረጃዎች መካከል የቆምነው እኛ ወደ የትኛው እንደምንዞር መምረጥ አለብን፤ ወደ እርሷ ስንዞር ባዶው አዳራሽ በእኛ መሙላት ይጀምራል።

በ1981 የተወለዱት ኒዩሻ ታቫኮሊያን በ2010 «ስማ» በሚል ርእስ ወደዚሁ ክልከላ ተመለሱ። መድረክ የተነፈጋቸውን ስድስት ሴት ዘፋኞች፣ በሚያብረቀርቅ መጋረጃ ፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲዘፍኑ አነሧቸው። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ከፎቶግራፎቹ ጋር ይታያል፤ ለዘፋኞቹም ለምናብ ብቻ የቀረቡ የአልበም ሽፋኖች ተሠርተዋል። አፋቸው ይከፈታል፤ የምንሰማው ነገር የለም። በነሻት ሥራ ድምፁ ነበረ፣ ጉባኤው ጠፋ፤ በታቫኮሊያን ሥራ ጉባኤው አለ፣ ድምፁ ጠፋ። ዓይናቸውን የጨፈኑት ሴቶች የገቡበት ክፍል ኸልቫት ነው፤ ያስገባቸው ግን ሕግ ነው። ሁለቱም በአንድ ፊት ላይ አሉ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ወይ ክብራቸውን ወይ በደላቸውን ይሰርዛል።

ብቻ ሆኖ አብሮ መኖር

የመጨረሻው ምሳሌዬ በ2016 ያረፉት የአባስ ኪያሮስታሚ «ሺሪን» የተባለ የ2008 ፊልም ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምናየው ፊልም የሚመለከቱ ሴቶችን ፊት ብቻ ነው፤ ከመቶ በላይ ተዋንያት፣ በመካከላቸውም ፈረንሳዊቷ ጁልየት ቢኖሽ። የሚመለከቱት የኾስሮውና የሺሪን የፍቅር ታሪክ በድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ታሪኩን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኔዛሚ በግጥም ያቀረበው ነው። አንዷ ታለቅሳለች፤ አንዷ ፈገግ ትላለች፤ አንዷ ሻርፗን ታስተካክላለች። የሚያስገርመው፣ ሴቶቹ ሲቀረጹ ምንም ፊልም አይታይም ነበር። እያንዳንዷ ከካሜራው አጠገብ ወዳለ ምልክት እየተመለከተች የራሷን ነገር ታስብ ነበር፤ ታሪኩ በኋላ ተጨመረ። እንባው እንግዲህ ከገዛ ሕይወቷ የመጣ ነው፤ ስለ ምን እንደሆነም አልተነገረንም።

በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ተመልካች ሁሉ ብቻውን ነው፤ ግን ከጎኑ ሌላ ብቸኛ አለ። የጥንቱ ሥዕል ተመሳሳይ ፊቶች ይሥል ነበር፤ ኪያሮስታሚ አንድ ዓይነት ሻርፕ የተከናነቡ፣ አንዱም ከሌላው የማይመሳሰል ከመቶ በላይ ፊቶች ሰጡን። እኔነት በዚህ ፊልም የሚታየው የምሥጢሩ ባለቤት በመሆን ነው፤ ታይቶ ያልተገለጠ ውስጥ በመያዝ።

የምንቆምበት ስፍራ

አንድ ተቃውሞ ሳላነሣ ብጨርስ ሚዛኔ ይጎድላል። እነዚህ ሥራዎች ለማን ተሠሩ? ብቸኛዋ ባለ ቻዶር ሴት ለውጭ ገበያ የምትመች ሆናለች የሚሉ ተቺዎች በኢራንም በውጭም አሉ። ገበያው እውን ነው። ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት በ2006 በዱባይ መሸጥ ጀመረ፤ በ2008 የታናቮሊ አንድ ቅርጽ ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ነሻት ከ1993 እስከ 1997 በሠሯቸው «የአላህ ሴቶች» በተባሉት ፎቶግራፎች ፊትና እጅ ላይ የፋርስኛ ጽሑፍ በቀለም ጽፈዋል። ጽሑፉ የኢራናውያት ሴት ገጣሚያን፣ ለምሳሌ የፎሩግ ፋሮክዛድ፣ ግጥም ነው። ፋርስኛ የማያነብ ተመልካች ግን እንደ ጌጥ ወይም እንደ ቁርኣን ቃል ቆጥሮት ያልፋል። ሴቲቱ ትናገራለች፤ ተመልካቹ ልብሷን ያያል። ከዚህ የበለጠ ብቸኝነት የለም፤ ይህንንም ብቸኝነት የሚፈጥረው ያ ተመልካች ራሱ ነው።

ተቃውሞውን በከፊል እቀበላለሁ። ገበያ የሚወደውን ምስል አርቲስት ሊደጋግመው ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ምስሉን ትቶ መሄድ ሳይሆን ማንበብን መማር ነው። ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራም ይኸው ነው። ብቸኛ ሰው ያለበትን ምስል ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። በሩን የዘጋው ማን ነው? በውስጡ ያለው ሰው በተዘጋው ክፍል ምን ሠራበት? የእኔ ስፍራስ የት ተደርጓል? በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ያቆመ ተማሪ ተጎጂ እንጂ ሰው አያይም። በሁለተኛው ብቻ ያቆመ በደሉን በውበት ይሸፍናል። ሦስተኛውን የዘለለ ራሱን ከነገሩ ያወጣል።

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይኖቻቸው፣ ኃጥኣን በአንድ ወገን መሣላቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፊት ለፊት የሚያይ ፊት የሚመለከተውን ሰው መልሶ ይመለከተዋልና፣ ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከእኛ የተሻለ ዝግጅት ያለው ተመልካች ጥቂት ነው።

ጥበብ የተዘጋ በር አይከፍትም፤ በ1998 ተሠርቶ ሽልማት ያገኘው ቪዲዮ ክልከላውን አላነሣውም። ማድረግ የሚችለው ከበሩ በስተጀርባ ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው ሙሉ መሆኑን ማስታወቅ ነው። የቀረው የሰሚው ፈንታ ነው።